ጀምበር ከመውጣቷ በፊት ያለቀ ፎቶ

ላሊበላ ላይ ሦስት ማለዳ አቃጥያለሁ። ሦስቱንም ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ፣ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ በብርድ ቆሜ ይዤ የተመለስኩት አንድ ዓይነት ፎቶ ነው፤ ላዩ እንደ ወረቀት የነጣ ጣሪያ፣ ታቹ እንደ ከሰል የጠቆረ ጉድጓድ። ካሜራው ደህና ነበር፣ ብርሃኑም አልጎደለም። የጎደለው ሌላ መሆኑ የገባኝ ጎንደርና ሰሜን ተራሮች ላይም ያንኑ ስህተት በሌላ መልክ ከደጋገምኩ በኋላ ነው። በማለዳ ተራራም ሆነ ሕንፃ ለማንሳት የምትወጡ ካላችሁ፣ እኔ በከሰርኩት እንቅልፍ እናንተ ብታተርፉ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ስህተቴ «ወርቃማው ሰዓት» የሚለውን ስም፣ ማለትም ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ለስላሳ ወርቃማ ብርሃን አለ የሚለውን ምክር፣ ማመኔ ነው። ይህ ምክር በብዛት የተጻፈው ከምድር ወገብ ርቀው ለሚኖሩ ሰዎች ነው። እነሱ ዘንድ ጀምበር በሰያፍ፣ አድማሱን እየታከከች ስለምትወጣ ለስላሳው ብርሃን ይቆያል። እኛ ጋ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ላሊበላና ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 እና 13 ዲግሪ መካከል ናቸው፤ እዚያ ፀሐይ አንድ ዲግሪ ከፍ ለማለት የሚፈጅባት 4 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሞቅ ያለው ቀለምና ረጅሙ ጥላ የሚቆየው ፀሐይ 6 ዲግሪ እስክትደርስ ነው ብንል፣ ያለን 25 ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ወገግታ ደግሞ 22 ደቂቃ ገደማ። ሁለቱ ተደምረው አንድ ሰዓት አይሞሉም። በዚህች ጊዜ ውስጥ ቦታ እየፈለጉ ሌንስ እየቀያየሩ የሚሆን ነገር የለም። ቅንብሩ በዋዜማው ማለቅ አለበት።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው በማግስቱ ማለዳ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ነው። ትራይፖዱን (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያውን) ማረፊያችሁ ትታችሁ በስልክ ወይም በካሜራ ብቻ ዙሩ። ትራይፖድ ገና ከጅምሩ ከተዘረጋ ሰው ባለበት ይቀራል፤ ቁመቱም ሁልጊዜ የዓይን ቁመት ይሆናል። ተንበርከኩ፣ ድንጋይ ላይ ውጡ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሂዱ። የፊተኛው ነገር ከኋለኛው ጋር ተጣብቆ እንዳይታይ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ያች ሁለት እርምጃ ናት። የወደዳችሁትን ስታገኙ የቆማችሁበትን መሬት ራሱን ፎቶ አንሱት፤ በጨለማ ስትመለሱ ያንን ድንጋይ ፈልጋችሁ እግራችሁን ታሳርፋላችሁ። የሌንሱን ርዝመትና የትራይፖዱን ቁመትም ጻፉ። አንድ ዋና ፍሬም፣ አንድ መጠባበቂያ ይበቃል። አምስት ይዞ የወጣ አንዱንም በቅጡ አያነሳም።

ከዚያ ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ማወቅ ነው። «በምሥራቅ» ብሎ መተው አይበቃም። በዚህ አካባቢ በትክክለኛው ምሥራቅ የምትወጣው በመስከረምና በመጋቢት ነው። ታኅሣሥ ላይ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 24 ዲግሪ ያህል ትሸሻለች፤ ሰኔ ላይ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ሰሜን። ልዩነቱ ወደ 48 ዲግሪ ነው፤ ሰኔ ላይ የሚበራ ግድግዳ ታኅሣሥ ላይ ጥላ ውስጥ ሊቀር ይችላል። አብያተ ክርስቲያናትን ስታነሱ ደግሞ መቅደሱ ወደ ምሥራቅ መሆኑን አስቡ። ዋናው በር በምዕራብ ከሆነ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የሕንፃው ፊት በማለዳ ጥላ ነው። ለዚያ ፊት የሚሆነው ከሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ነው፤ ማለዳ የምሥራቁንና የጎኑን ግድግዳ፣ ከላይም ጣሪያውን ነው የሚሰጣችሁ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ላሊበላ ላይ በጥቅምት መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ17 ገደማ ነው፤ በጥር መጀመሪያ 12 ሰዓት ከ47፤ በሰኔ መጨረሻ 12 ሰዓት ከ5። ጎንደር ወደ ምዕራብ ስለሚቀር 6 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስልክ ላይ ያሉ የፀሐይ መተግበሪያዎች ይህን በትክክል ይነግሯችኋል። የማይነግሯችሁ ግን ተራራ መኖሩን ነው። የሚሰሉት አድማሱ ሜዳ እንደሆነ አድርገው ነው፤ ላሊበላ ግን ከበላይዋ አሸተን ተራራ አለ። መተግበሪያው «ወጣች» ካለ በኋላ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ብቅ ስትል ደግሞ ለስላሳው ብርሃን አልፎ ጠንካራው መጥቷል። መለኪያው ቀላል ነው። በዋዜማው እጃችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁን አጋድሙና ተራራው ከአድማሱ ስንት ጣት ከፍ እንደሚል ቁጠሩ። የአንድ ጣት ውፍረት 2 ዲግሪ ያህል ነው፤ ማለትም ለአንድ ጣት ወደ 8 ደቂቃ መዘግየት። ሦስት ጣት ከሆነ ቦታው ወርቃማ ብርሃን የሚባለውን አያገኝም ማለት ይቻላል፤ እዚያ የሚያዋጣው ከፀሐይ በፊት ያለው ወገግታ ነው።

ቤተ ጊዮርጊስ ላይ የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው። ሕንፃው ከአንድ ቋጥኝ ወደ ታች 12 ሜትር ያህል ተፈልፍሎ የወጣ ስለሆነ ጣሪያው በዙሪያው ካለው መሬት ጋር እኩል ነው። የመጀመሪያዋ ጨረር ጣሪያውን ብቻ ትነካለች፤ ጉድጓዱ ለብዙ ሰዓት አይደርሰውም። ፀሐይ ከወጣች ሁለት ሰዓት አልፏት 30 ዲግሪ ላይ ስትደርስ እንኳ የ12 ሜትር ግድግዳ 21 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፤ በሕንፃውና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ጥቂት ሜትር ነው። ስለዚህ በበራው ጣሪያና በታችኛው ወለል መካከል ያለው ልዩነት ከሦስት ስቶፕ በላይ ይሆናል (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃኑ መጠን እጥፍ መሆን ነው)። ለጣሪያው ካስተካከላችሁ ታቹ ይጠቁራል፤ ለታቹ ካስተካከላችሁ ጣሪያው ይነጣል። የእኔን ሦስት ማለዳ የበላው ይህ ነው።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ጨርሶ ፀሐይን አለመጠበቅ፤ ከመውጣቷ ከ15 እስከ 5 ደቂቃ ቀድሞ ብርሃኑ ከሰማዩ ሁሉ እኩል ይወርዳል፣ ጉድጓዱም ጣሪያውም በአንድ ፍሬም ይገባሉ። ሁለተኛው ጣሪያውን ብቻ ርዕስ ማድረግ። ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹት መስቀሎች ጎልተው የሚታዩት ብርሃኑ መሬት ለመሬት ሲመጣ ነው፤ ያኔ ጉድጓዱ ይጥቆር፣ እንዲያውም ለመስቀሉ ክፈፍ ይሆነዋል። ሁለቱን በአንድ ፎቶ ማስታረቅ የሚፈልግ ሦስት ፍሬም ያነሳል፤ አንዱን በመደበኛው፣ አንዱን በሁለት ስቶፕ አጨልሞ፣ አንዱን በሁለት ስቶፕ አብርቶ። በኋላ ይቀላቀላሉ። እኔ ግን እንዲህ የተቀላቀለ ፎቶ ላይ ያ ጉድጓድ ጥልቀቱን ሲያጣ አይቻለሁና አልወደውም።

ስለ ማዘንበልም አንድ ነገር። ከአፋፍ ወደ ታች ስታነሱ ካሜራው ስለሚያዘነብል ግድግዳዎቹ ወደ ታች ይጠባሉ። በትንሹ ካዘነበለ ስህተት ይመስላል፤ በደንብ ካዘነበለ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል። መሃል ቤት አትቁሙ፤ ወይ ከአፋፉ ራቅ ብላችሁ በ35 ወይም በ50 ሚሜ ሌንስ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል) አንሱ፣ ወይ ቁልቁል እስከ መጨረሻው ዝለቁ። ደግሞ አፋፉ ላይ ጠል አለ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ካሜራ ዓይን ላይ ለጥፎ አንዲት እርምጃ እንኳ መራመድ የለም።

ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ ከላያቸው መጠለያ ስላላቸው ሰፊ ፎቶ ብታነሱ የብረት ምሰሶው ይገባባችኋል። እዚያ ሰፊውን ትታችሁ መስኮቱን፣ ዓምዱን፣ በእግር ብዛት የለሰለሰውን ደፍ አንሱ። መጠለያው ብርሃኑን ስለሚያለዝበው ለዝርዝር ሥራ እንዲያውም ይመቻል። ቅዳሴ ካለ ግን ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ነጠላ የለበሰ ምዕመን በፍሬሙ ውስጥ መጠን ያሳያል፣ ፎቶውን ያስተነፍሰዋል፤ ነገር ግን ፊቱን የምታነሱት ፈቅዶ ነው፣ ከሩቅ ከሆነም ጀርባውና ነጭ ልብሱ ይበቃል። ብልጭታ መብራት ደግሞ የትም ቦታ አታብሩ።

ጎንደር ላይ ችግሩ ሌላ ሆነ፤ ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። የፋሲል ግንብ ፊት ቆሞ ጫፉን ለማስገባት ካሜራውን ወደ ላይ ማንጋጠጥ የሁላችንም የመጀመሪያ ስህተት ነው። ቋሚ መስመር ቀጥ ብሎ የሚወጣው የካሜራው ጀርባ እንደ ግንበኛ ቱምቢ ቀጥ ሲል ብቻ ነው። ካሜራው ውስጥ ያለውን ውሃ ልክ አብሩና አድማሱንም ቁመቱንም እዩ። ቀጥ ሲል ጫፉ ከተቆረጠ መድኃኒቱ ወደ ኋላ መሄድ ነው። በ24 ሚሜ ሌንስ በሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ፣ ካሜራውን አቁማችሁ ስታነሱ ከሕንፃው ቁመት 1.3 እጥፍ ያህል፣ አጋድማችሁ ስታነሱ ሁለት እጥፍ መራቅ አለባችሁ። 30 ሜትር የሚሆን ግንብ ከሆነ 40 ሜትር ወይም 60 ሜትር ማለት ነው። ይህን ያህል ሥፍራ ከሌለ አቁማችሁ አንሱና ታች የሚተርፈውን ባዶ መሬት ቁረጡት፤ ወይም ትንሽ አዘንብላችሁ በኮምፒዩተር አስተካክሉ። ለማስተካከል ካሰባችሁ ግን በግራና በቀኝ ሰፊ ትርፍ ተዉ፤ ፕሮግራሙ ሲያቃና ጠርዙን ይበላል። ትርፍ ሳልተው አንስቼ የማዕዘኑ ግንብ የተቆረጠብኝ ፎቶ ቁጥር የለውም። የስልክ ዋናው ሌንስም ከ24 እስከ 26 ሚሜ አካባቢ ስለሆነ ሒሳቡ ያው ነው፤ «0.5» የሚለውን ሰፊ ሌንስ ግን ለግንብ አትንኩት፣ ጠርዝ ላይ ያለውን ሁሉ ይጎትተዋል።

የግቢው በር የሚከፈተው ምርጡ ብርሃን ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ሳላጣራ በሌሊት ሄጄ በር ላይ ቆሜያለሁ። በሩ እስኪከፈት ያለውን ሰዓት ከላይ ሆናችሁ ተጠቀሙበት፤ ከጎሃ ኮረብታ ከተማው ከነግንቡ በጉምና በጢስ ውስጥ ሲነቃ ይታያል፣ 70-200 ሌንስም ግንቡን ከጣሪያዎቹ መካከል ለይቶ ያወጣዋል። ቁስቋም ላይ ያለው የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽም በማለዳ ጥሩ ነው። ግቢው ሲከፈት ደግሞ ፀሐይ ከጀርባችሁ እንዳትሆን ተጠንቀቁ። ከጀርባ የመጣ ብርሃን ግድግዳውን ወረቀት ያደርገዋል፤ ከጎን የመጣው ግን የእያንዳንዱን ድንጋይ ጉብታ ያወጣል። የግንቡ ድንጋይ ጠቆር ያለ ስለሆነ ካሜራው ራሱ ሲወስን ሰማዩን ያቃጥላል። ሂስቶግራሙን (ካሜራው የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳይበትን ግራፍ) አይታችሁ ቀኝ ጠርዙ ላይ እስካይለጠፍ አጨልሙ፤ የጠቆረው ድንጋይ በ«ራው» (RAW፣ ካሜራው ሳያጭቀው በሚያስቀምጠው ጥሬ) ፋይል ይመለሳል፣ የተቃጠለ ሰማይ አይመለስም።

እዚህ ላይ የነጭ ሚዛን፣ ማለትም ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የሚያስተካክልበት ቅንብር፣ ነገር አለ። በአውቶማቲክ ከተዋችሁት ካሜራው ወርቃማውን ቀለም እንደ ጉድለት ቆጥሮ ያስወግደዋል፤ ለምን ተነስታችሁ እንደመጣችሁ አያውቅም። 5200 ኬልቪን ላይ ወይም የፀሐይ ምልክቱ ላይ ቆልፉት።

የፋሲል መዋኛ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ የሚሞላው ለጥምቀት፣ ለጥር 11 ነው። የውሃ ላይ ነጸብራቅ የምትፈልጉ ውሃው ከገባ በኋላ፣ ከተራ ሳይደርስ ፈቃድ ጠይቃችሁ ሂዱ። ነፋስ ገና ሳይነሳ ውሃው እንደ መስተዋት ይሆናል። ፖላራይዘር ማጣሪያ ካለ አውልቁት፣ የምትፈልጉትን ነጸብራቅ ሊያጠፋባችሁ ይችላል። ካሜራውንም ዝቅ አድርጉ፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ነጸብራቁ ይሞላል። ውሃው ከሌለ በግንቡ አጥር ላይ የተጠመጠሙት የዛፍ ሥሮች ብቻቸውን አንድ ማለዳ ይበቃሉ።

ሰሜን ተራሮች ላይ ስትደርሱ ከላይ የተባለው ሁሉ ይሠራል፤ ብርዱና ነፋሱ ግን ይጨመራል። ደባርቅ ላይ ፈቃዳችሁንና ስካውታችሁን (አብሯችሁ የሚሄደውን የፓርኩን ጠባቂ) ስትይዙ በጨለማ መውጣት እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ ንገሩ። ከጊች ሰፈር ተነስቶ 3,926 ሜትር ላይ ያለው ኢሜት ጎጎ ለመድረስ በጨለማ ሁለት ሰዓት ያህል መድቡ፤ ጥር ላይ ከሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሆን መነሳት አለባችሁ። ትልቁ ገደል ወደ ሰሜን ስለሚመለከት በበጋ፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ በሸሸችበት ጊዜ፣ ፊቱ በማለዳ ጥላ ውስጥ ነው። ይህን ሳላውቅ ገደሉ እስኪበራ ስጠብቅ ብርሃኑ አለፈኝ። የሚበሩት ከገደሉ ወጣ ወጣ ብለው የቆሙት አፍንጫዎችና ሸንተረሮች ናቸው። ሌንሱን ወደ እነሱ አዙሩት፣ ጥላው ገደል ከኋላ ዳራ ይሁን። ወደ ፀሐይ ዞራችሁ ካነሳችሁ ደግሞ በረጅም ሌንስ ተራሮቹ እየሳሱ እንደተነባበረ ወረቀት ይታያሉ።

ከመውጣቷ 10 ወይም 15 ደቂቃ በፊት ግን ሁሉም ወደ ምሥራቅ አፍጥጦ ሳለ እናንተ ወደ ምዕራብ ዙሩ። ከአድማሱ ላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ከእሱ በላይ እንደ መቀነት የታጠቀ ሮዝ ታያላችሁ። ሰማያዊው የምድር ጥላ ነው። የሚቆየው ትንሽ ነው፤ በፎቶ ላይ ግን ከራሷ ከጀምበሯ ይልቅ ያምራል።

ለፊት ለፊት ጅባራ ካስገባችሁ ሁለቱም፣ ጅባራውም ተራራውም፣ ጥርት ብለው መውጣት አለባቸው። በ24 ሚሜ፣ ኤፍ 11 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል) ላይ፣ ትኩረቱን 2 ሜትር ላይ ብታደርጉ ከ1 ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቁ ተራራ ይጠራል። በተለመደው አነስተኛ ሴንሰር ካሜራ ደግሞ 16 ሚሜ፣ ኤፍ 8፣ ትኩረት 1.6 ሜትር ላይ። ኤፍ 22 ላይ መውጣት ጥርት የሚያደርግ ይመስላል፣ እንዲያውም ሁሉንም ያደበዝዛል። ትኩረቱን ወገግ ሲል አድርጉና ወደ ማኑዋል ቀይሩት፤ በጨለማ አውቶ ፎከስ እየዳከረ ደቂቃዎቻችሁን ይበላል።

ነፋስ ካለ የትራይፖዱን መሃል ዘንግ አታውጡ። ቦርሳ ከሥሩ ማንጠልጠል ጥሩ ምክር ነው፣ ግን ቦርሳው መሬት ካልነካ እንደ ቃጭል እየተወዛወዘ ያንቀጠቅጠዋል። መዝጊያውን በ2 ሰከንድ ማዘግያ ተኩሱ። መለዋወጫ ባትሪ ኪስ ሳይሆን ጋቢ ሥር፣ ሰውነት አጠገብ ይቀመጥ፤ በብርድ «አለቀ» ያለ ባትሪ ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሌንሱ ላይ ጠል እንዳይቀመጥ እስክታነሱ ክዳኑን አትክፈቱ፤ ትንፋሻችሁንም ወደ ጎን። ጨርሳችሁ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ ደግሞ ካሜራውን ውጭ ሳላችሁ በፌስታል አጥብቃችሁ አስሩት። እርጥበቱ ፌስታሉ ላይ ይቀራል። እኔ እንዲሁ ገብቼ፣ ሌንሱ ውስጥ ጉም ገብቶ ሙሉ ቀን ጠብቄያለሁ።

ወቅት ከጠየቃችሁኝ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለውን እመርጣለሁ። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ ሸለቆው ውስጥ ጉም አለ፣ መጀመሪያው ላይ አደይ አበባም አለ። ከጥር በኋላ አቧራው ይጨምራል፤ ሩቅ ያለው ተራራ ይደበዝዛል፣ ጀምበሯ ግን ቀይ ሆና ትወጣለች። ከዚያ ጋር የምትሠሩ ከሆነ ሰፊውን ትታችሁ ረጅም ሌንስ ያዙ።

ቤተ ጊዮርጊስ በአራተኛው ማለዳ ወጣልኝ። 35 ሚሜ፣ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ ግማሽ ሰከንድ፤ ፀሐይ ልትወጣ 8 ደቂቃ ሲቀራት። ጣሪያው ከጉድጓዱ በትንሹ ብቻ ይበራል፣ የድንጋዩ ቅላት ሰማያዊ ጥላ ለብሷል፣ ታች ግድግዳውን ተደግፈው የሚጸልዩ አንዲት እናት በነጭ ነጠላ አሉ፤ ስላልተንቀሳቀሱ በግማሽ ሰከንዱ አልደበዘዙም። ጀምበሯ ስትወጣ ትራይፖዱን አጥፌ ጨርሼ ነበር።